የተቆፈረ ተራራና የጎጃም ማሳ፦ ስለ ፎስፌት ማዕድን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የማዳበሪያ ወረፋ ሲጀመር የሚነሡ ጥያቄዎች አሉ። ከየት ነው የሚመጣው? እኛ ጋ አይገኝም ወይ? የሚቆፈርበት አገር ሰውስ ምን አተረፈ? ከደጀን እስከ ዳንግላ ከገበሬውም፣ ከተማሪውም፣ ከልማት ሠራተኛውም የሚሰሙትን እዚህ ሰብስበናል። አንዳንዱ አጭር መልስ ይበቃዋል፤ አንዳንዱ ትንሽ ያስቀምጣል።

ፎስፌት ምንድን ነው? ከዳፕ ጋርስ ምን አገናኘው?

ፎስፌት ድንጋይ ነው። ፎስፈረስ የሚባለውን የሰብል ምግብ በውስጡ ይዟል። ፎስፈረስ ያነሰው ማሳ ላይ ጤፉ ሥር መስደድ ያቅተዋል፣ በቆሎው ይቀጭጫል፣ ቅጠሉም ጠርዙ ላይ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። ድንጋዩ ተፈጭቶ ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር ሲቀላቀል ፎስፎሪክ አሲድ ይወጣዋል። ያ አሲድ ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ዳፕ የተባለው ማዳበሪያ ይሆናል። ጆንያው ላይ 18-46-0 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። 18ቱ ናይትሮጅን ነው፣ 46ቱ የፎስፌቱ ድርሻ ነው፣ ዜሮው ፖታሽ የለበትም ማለት ነው። ለተወሰኑ ዓመታት ዳፕን የተካው ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያም ፎስፌቱን የሚያገኘው ከዚሁ ድንጋይ ነው።

ዩሪያ ግን ከዚህ ቤተሰብ አይደለም። ናይትሮጅኑ የሚወሰደው ከአየር ነው፤ ለመሥራት የሚያስፈልገው በተለይ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ስለዚህ ዩሪያ ፋብሪካ ተተከለ ማለት የፎስፌት ጥያቄ ተመለሰ ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ይጨፈልቃቸዋል።

ከአንድ ጆንያ ዳፕ ጀርባ ስንት ድንጋይ አለ?

እንቁጠረው። 50 ኪሎ ዳፕ ውስጥ 23 ኪሎ የሚሆን ፎስፌት አለ (ጆንያው ላይ በሚቆጠርበት መንገድ ማለት ነው)። ጥሩ የሚባል የተጣራ የፎስፌት ድንጋይ ከመቶው 30 ያህሉ ነው ፎስፌት። ስለዚህ ምንም ሳይባክን እንኳ 77 ኪሎ ገደማ የተጣራ ድንጋይ ይፈልጋል። ይህ ከመጣራቱ በፊት የተጣለውን ጭቃ፣ ከድንጋዩ በላይ ተነሥቶ የተከመረውንም አፈር አይጨምርም።

ሌላም አለ። አሲዱ ሲሠራ ፎስፎጂፕሰም የሚባል ነጭ ተረፈ ምርት ይወጣል። ለአንድ ቶን ፎስፌት አምስት ቶን ያህል ነው። ለእኛዋ አንዲት ጆንያ ስናወርደው 115 ኪሎ አካባቢ ይመጣል። ጆንያዋን በአህያ ጭነን ቤት ስንገባ፣ ከእሷ ሁለት እጥፍ የሚበልጥ ቆሻሻ ሌላ አገር ተከምሮ ቀርቷል ማለት ነው።

የእኛው ከየት ነው የሚመጣው?

ባለፉት ዓመታት አገራችን ከገዛችው የፎስፌት ማዳበሪያ ብዙው ከሞሮኮ ነው። በዓለም ከታወቀው የፎስፌት ክምችት 70 በመቶ ገደማ እዚያ እንዳለ ይነገራል። በየዓመቱ ብዙ የምታወጣው ግን ቻይና ናት። ዕቃው በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፣ ከዚያ በመኪናና በባቡር ወደ መሀል ይገባል፣ በመጨረሻም ዩኒየን መጋዘን ትቀበሉታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ከሞሮኮው የፎስፌት ኩባንያ ኦሲፒ ጋር ድሬዳዋ ላይ የማዳበሪያ ፋብሪካ ለመትከል ስምምነት ተፈርሞ ነበር። ገበሬው እስካሁን የሚጠብቀው ግን ያንኑ የጅቡቲውን መኪና ነው።

ማዕድኑ አልቆ ሲዘጋ ተራራው ምን ይሆናል?

ፎስፌት ብዙ ጊዜ ለምድር ገጽ ቀረብ ብሎ፣ በንጣፍ በንጣፍ ተኝቶ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ዋሻ ከመቆፈር ይልቅ ከላይ ያለውን አፈርና አለት ገፍፎ መውሰድ ይቀላል። ሥራው ሲያልቅ ሦስት ነገር ይቀራል። አንደኛው ገደል ሆኖ የቆመው የጉድጓዱ ግድግዳ ነው። ሁለተኛው ሸለቆ የሞላው የድንጋይና የአፈር ክምር ነው። ሦስተኛው ውኃ ነው፤ ጉድጓዱ ውስጥ ያቆራል ወይም በክምሩ ሥር ሰርጎ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ዓይን የሚይዘው ጉድጓዱ ነው። የኋላ ኋላ ሰው የሚያስለቅሰው ግን ክምሩና ውኃው ነው።

ሁለት ቦታ ልጥቀስ። አንዱ ናውሩ ነው፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ያለ ትንሽ ደሴት አገር። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ፎስፌቱ ለአውስትራሊያና ለኒውዚላንድ ማሳ ሲጫን ኖረ። ከደሴቱ 80 በመቶ ያህሉ ተገፈፈ። አሁን የቀረው እንደ ጦር የቆመ የኖራ ድንጋይ ነው፤ አይታረስበት፣ ቤት አይሠራበት። አገሩ እ.ኤ.አ. በ1989 አውስትራሊያን ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሰ። በ1993 ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ አውስትራሊያ 107 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ለመክፈል ተስማማች። ገንዘቡ ተገኘ እንበል፤ አፈሩስ?

ሁለተኛው ተራራማው ደቡብ ምሥራቅ አይዳሆ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ። እዚያ ፎስፌቱ የተኛው ከ250 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባሕር በነበረ ደለል ውስጥ ነው። ተራራው ሲታጠፍ ንጣፉም አብሮ ታጠፈ፤ ቆፋሪው ጠርዝ ጠርዙን እየተከተለ ረጅም ቦይ የመሰለ ጉድጓድ አወጣ። ሥራው ሲያቆም ቦዩም ክምሩም እዚያው ቀረ። ለምሳሌ በሾሾን-ባኖክ ሕዝቦች ይዞታ ላይ የነበረው ጌይ የተባለው ማዕድን እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1993 ሲቆፈር ኖሯል።

ፈረሶቹ የታመሙት እዚያ ነው?

አዎ፣ አይዳሆ። ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁን የአዊ ሰዎች ናቸው፤ አይፈረድባቸውም። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የፈረሰኛውን ትርኢት ያየ ሰው ፈረስ ታመመ ሲባል ዝም ብሎ አያልፍም።

ነገሩ ወዲህ ነው። በፎስፌቱ ንጣፎች መሀል ጥቁር ሸክላማ ድንጋይ አለ። ለማዳበሪያ አይሆንም፣ ስለዚህ ወደ ክምሩ ይጣላል። ይህ ድንጋይ ሰሌኒየም የሚባል ንጥረ ነገር አለበት። ከምድር በታች ታፍኖ እያለ ማንንም አይነካም። አየርና ዝናብ ሲያገኘው ግን ውኃ ውስጥ የሚሟሟ ዓይነት ይሆናል። በረዶው ሲቀልጥ ከክምሩ ሥር ወደ ጅረቱ ይወርዳል። ሣሩ ከጅረቱ ዳር ይጠጣዋል፣ ከብቱ ሣሩን ይግጠዋል።

እ.ኤ.አ. በ1996 ሳውዝ ሜይቢ ካንየን ከተባለ ሥራ ያቆመ ማዕድን ግርጌ ሲግጡ የነበሩ ፈረሶች በሰሌኒየም መመረዛቸው ታወቀ። ምልክቱ ለፈረስ ሰው ቶሎ የሚታይ ነው፦ የጋማውና የጭራው ፀጉር ይረግፋል፣ ሰኮናው ይሰነጠቃል፣ እንስሳው ያነክሳል። በጎችም በዚያው አካባቢ ሞተዋል። ማዕድኑ ሥራውን ካቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ ጉዳቱ የታየው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ቆፋሪ ከሄደ ነገር አለቀ ለሚል ሰው ይህን እንነግረዋለን።

ታዲያ እኛ ማሳ ላይ የምንበትነው ማዳበሪያ በሰሌኒየም አይመርዘንም?

በዚህ መንገድ አይደለም። መርዝ የሆነው የተጣለው ድንጋይ ነው እንጂ ጆንያ ውስጥ የገባው ማዳበሪያ አይደለም። እንዲያውም የእኛ ችግር የተገላቢጦሽ ነው። በምዕራቡ የአማራ ክልል ክፍል የሚበቅለው እህል ሰሌኒየሙ አነስተኛ መሆኑን፣ በሰዎች ደም ውስጥም እጥረቱ እንደሚታይ ጥናቶች አሳይተዋል። ሰውነት ትንሽ ትንሽ ይፈልገዋል። እዚያ ፈረስ የገደለው ነገር እዚህ ከእንጀራው ጎድሏል።

የተተወ ማዕድን ይጠገናል ወይ?

ይጠገናል፣ ግን እዳው ገብስ አይደለም። ዋናው ብልሃት ውኃን ከክምሩ ማራቅ ነው። ከላይ በኩል የሚመጣውን ጎርፍ በቦይ ያዞሩታል። ክምሩን ያስተካክሉና ውኃ በማያሳልፍ ንጣፍ ወይም በወፍራም ንጹሕ አፈር ይሸፍኑታል። የሚዘራውንም ይመርጣሉ። ሥሩ ጠልቆ የሚሄድ እንደ አልፋልፋ ያለ መኖ እዚያ ላይ አይመከርም፣ ሰሌኒየሙን ከታች ስቦ ለከብት ያቀርበዋልና። አዲስ በሚከፈተው ማዕድን ደግሞ ያንን ጥቁር ድንጋይ ለብቻው ይለዩታል፣ የቆዩትን ጉድጓዶች መልሰው ይሞሉበታል። ከፋዩ በሕጉ መሠረት ኩባንያው ነው፤ ክርክሩ ግን አሥርት ዓመታት ይፈጃል።

ጎጃም ውስጥ ፎስፌት አለ?

የሚታወቅ የፎስፌት ማዕድን የለም። ለምን ይጠየቃል ቢባል፣ የዓባይ በረሃ ነው ምክንያቱ። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የወጣ ሰው የመንገዱን ዳር ያስታውሳል። ከላይ ጥቁሩ ባዛልት፣ ዝቅ ሲል አሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም ጂፕሰም፣ ወደ ታች እንደገና ቀይ አሸዋ ድንጋይ። ኖራውና ጂፕሰሙ ባሕር እዚህ እንደነበር ይመሰክራሉ። ባሕር ከነበረ ፎስፌትም አይጠፋም ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው። ግን ባሕር ሁሉ ፎስፌት አይጥልም። ከጥልቁ ቀዝቃዛና ምግብ የበዛበት ውኃ ለረጅም ዘመን ወደ ላይ የሚወጣበት ዳርቻ መሆን አለበት። ከሸለቆው በላይ ያለው ደጋ፣ ጮቄን ጨምሮ፣ እሳተ ገሞራ የሠራው ነው፤ እዚያ የባሕር ፎስፌት አይፈለግም።

ድንጋይ ይዛችሁ «ይኼ ምንድን ነው?» ለምትሉን፦ ነጣ ያለ ድንጋይ ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። እየፈላ አረፋ ካወጣ ኖራ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ፎስፌት በባዶ ዓይን ከተራ ድንጋይ አይለይም፤ ላቦራቶሪ ይፈልጋል።

ወለጋ አለ ይባላል። እሱን ፈጭተን ብንበትነውስ?

ጊምቢ አጠገብ ቢቅላል የሚባል ቦታ ፎስፌት ያለበት አለት አለ። እውነት ነው። ግን ከቀለጠ አለት የተፈጠረ ነው፣ ፎስፌቱም ስስ ነው። እንዲህ ያለው አፓታይት (ፎስፌቱን የያዘው ማዕድን) ጠንካራ ነው፤ ተፈጭቶ ቢበተን አፈር ውስጥ ቶሎ አይሟሟም። ከደለል የተገኘው ግን አንዳንዱ ለስላሳ ነው። ታንዛኒያ ሚንጂንጉ የሚባለውን ድንጋይ ፈጭተው ለኮምጣጣ አፈር ይጠቀሙበታል። ኮምጣጣ አፈር ራሱ ድንጋዩን ያሟሟዋል። ሐሳቡ ለጎጃም ሞኝነት አይደለም፤ የጎደለው ትክክለኛው ድንጋይ ነው።

በየዓመቱ ዳፕ እጨምራለሁ፣ ምርቱ ግን ያው ነው። ማዳበሪያው ተበላሽቶ ነው?

ከሁሉ በላይ የሚመጣው ጥያቄ ይኸ ነው። ብዙ ጊዜ ማዳበሪያው አልተበላሸም። መሬቱ ኮምጥጧል።

ጎዛምን፣ ማቻክል፣ ሜጫ፣ ባንጃ ያለው ቀይ አፈር ለዘመናት ዝናብ አጥቦታል። ካልሲየሙን ይዞበት ሄዷል። የቀረው አሉሚኒየምና ብረት ነው። የአፈሩ ፒኤች (የኮምጣጣነቱ መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይብሳል) ከ5.5 ሲወርድ እነዚህ ሁለቱ ፎስፌቱን ጨብጠው ይይዙታል። ገበሬው የገዛው ፎስፈረስ አፈሩ ውስጥ አለ፤ ሥሩ ግን አያገኘውም። በመልካም አፈር ላይ እንኳ የመጀመሪያው ዓመት ሰብል ከተጨመረው ፎስፈረስ የሚወስደው ብዙ ጊዜ ሩቡን አይሞላም። ኮምጣጣው ላይማ ቀልድ የለም። በዚህ ዓይነት መሬት ላይ ዳፕ መደራረብ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

መድኃኒቱ ኖራ ነው። ግድግዳ የሚቀባው የተቃጠለው አይደለም፣ እሱ ቆዳም ዓይንም ይለበልባል። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው የሚፈለገው። ድንጋዩ ሩቅ አይደለም፤ የደጀን ገደል ሞልቶታል፣ መፍጫም ተተክሎበታል። ችግሩ ክብደቱ ነው። ለአንድ ሄክታር 3 ቶን ተባለ እንበል። ይህ 30 ኩንታል ነው። ለአንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር) ሰባት ኩንታል ተኩል ይደርሳል። ዳፕ ግን ለዚያችው ቃዳ ከግማሽ ኩንታል አያልፍም። መኪና እስከ ቀበሌ ያመጣዋል እንበል፤ ከመንገድ እስከ ማሳ ያለውን አህያ ነው የሚጨርሰው። «ኖራ ጥሩ ነው፣ ማን ይሸከመዋል?» የሚለው ገበሬ ሰነፍ አይደለም። ሒሳቡን አውቆ ነው።

መጠኑ በግምት አይነገርም፣ አፈሩ መመርመር አለበት። ማሳውን ዚግዛግ እየሄዳችሁ ከብዙ ቦታ፣ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ውሰዱ። የከብት በረት የነበረበትን፣ የእሳት አመድ የወደቀበትን ተዉት። ቀላቅላችሁ አንድ ኪሎ ያህል ለልማት ሠራተኛው ስጡት። ኖራው ከዘር አንድ ወር ያህል ቀድሞ ተበትኖ በእርሻ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል አለበት። ነፋስ ባለበት ቀን አትበትኑ፤ ግማሹን ጎረቤት ይወስደዋል፣ ግማሹ ሳንባችሁ ይገባል። ጠቅላላውን መጠን ባንዴ መግዛት ካልተቻለ ከፍሎ በመስመር ማድረግም ይረዳል።

ግብጦ መሬት ያለማል የሚሉት እውነት ነው?

እውነት ነው፣ እኛም የምንወደው ጥያቄ ነው። በዓለም ላይ ፎስፈረስ ፍለጋ የሚያጠኑ ሰዎች ለምሳሌ ከሚያነሷቸው ተክሎች ግንባር ቀደሙ ግብጦ ነው። ፎስፈረስ ሲጎድለው ጥቅጥቅ ያለ፣ የጠርሙስ መጥረጊያ ብሩሽ የመሰለ ሥር ያወጣል። አንዱን ተክል ቀስ ብላችሁ ነቅላችሁ አፈሩን በውኃ አጥባችሁ ብታዩት፣ ዋናው ሥር ላይ ዘለላ ዘለላ ሆኖ የተሰካካ ፀጉር መሳይ ነገር ታገኛላችሁ። ከዚያ ሥር ሲትሬት የሚባል አሲድ ይወጣል። ሲትሬቱ አሉሚኒየሙና ብረቱ የያዙትን ፎስፌት ያስለቅቃል። ናይትሮጅንም ከአየር ይይዛል።

ሜጫ፣ ዳንግላ፣ ሰከላ ያሉ አባቶች ሌላ ሰብል እምቢ ባለው መሬት ላይ ግብጦ ሲዘሩ ሲትሬት የሚባል ነገር አልሰሙም። መሬቱን ግን አይተዋል። መራራነቱን ደግሞ እናቶች ያውቁበታል፤ ይቆሉታል፣ ከዚያ በጆንያ አስረው ወራጅ ውኃ ውስጥ ለቀናት ይዘፈዝፉታል። ይህ ለጣዕም ብቻ አይደለም። ምሬቱ ራሱ መርዛማ ነው፤ ሳይወጣለት መብላት ያሳምማል። አረቄውን በተመለከተ አስተያየት የለንም።

አንድ ጥንቃቄ፦ ግብጦ ኮምጣጣ መሬት ይችላል፣ ኖራ የበዛበት ግን አይስማማውም። ዘንድሮ ኖራ ያለበሳችሁት ማሳ ላይ ስንዴ ወይም ገብስ አስቀድሙ። ግብጦውን ኖራ ላልደረሰው ማሳ አቆዩት።

የኩበት አመድስ?

ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ በጭሱ ይሄዳል፣ ፎስፈረሱ ግን አመዱ ውስጥ ይቀራል። አመዱ ኮምጣጣነትንም ትንሽ ያለዝባል። ስለዚህ ደጅ አትድፉት፤ ጓሮ ወይም ማሳ ላይ በትኑት።

እኛ ቀበሌ ፎስፌት አልተቆፈረም፣ ግን ለመንገድ ገረጋንቲ የወጣበት ጉድጓድ ክፍት ቀርቷል። ማንን እንጠይቅ?

ይህ የአይዳሆው ታሪክ ትንሹ ወንድም ነው። የመንገድ ሥራው ያልቃል፣ ማሽኑ ይሄዳል፣ ጉድጓዱ ክረምት ውኃ ይይዛል። ልጆች ይዋኙበታል፣ ከብት ይንሸራተትበታል፣ ቆላ ከሆነ ትንኝ ይራባበታል። ካባ ከሆነ ደግሞ ከላይ የቀረው አለት ሳይታሰብ ይናዳል።

የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ፈቃድ የያዘ ሰው ለአካባቢው መልሶ ማገገሚያ ገንዘብ እንዲመድብ ያዝዛል። የአሸዋ፣ የድንጋይና የገረጋንቲ ፈቃድ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው በክልል በኩል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ወረዳ ሂዱና ፈቃዱ በማን ስም እንደወጣ ጠይቁ፤ ርክክብ ተደርጎ ከሆነም የርክክቡን ወረቀት። ማመልከቻው በጽሑፍ ይሁን፣ ቀበሌው ማኅተም ያድርግበት፣ አንድ ቅጂ እጃችሁ ይቅር። ሥራው ገና ያላለቀ ከሆነ በጣም ይሻላል፤ ማሽኑ እዚያው እያለ ጠርዙን ደልድሎ የገፈፈውን የላይ አፈር እንዲመልስ ማስገደድ ይቀላል። እስከዚያው ግን በአካባቢው ባለ እሾህ ዙሪያውን እጠሩት፣ ከላይ በኩልም ጎርፉን የሚያዞር ቦይ ቅደዱ።